የውኃ ማሞቂያ (ቦይለር) ሲያንጠባጥብ ስለሚደረገው ጥንቃቄ

የነጋዴ ሀብት የሚጠበቀው በገበያ ውስጥ በሚደረገው ጥረት ብቻ አይደለም፤ በመጋዘንና በመኖሪያ ቤት በሚደረገው ጥንቃቄም ጭምር ነው። ነጋዴ ዕቃውን ከሌባ ለመጠበቅ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ከእሳት አደጋ ለመዳን ኢንሹራንስ ይገባል። ነገር ግን በገዛ ጣራው ሥር፥ በገዛ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ ከጠላት ቈጥሮ የሚመረምረው ጥቂት ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ስለ ወንዝ ቢሆንም፥ ስለ ቤት ውስጥ የውኃ ማሞቂያ ቢነገርም ስሕተት አይሆንም።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ በምሠራበት ቤት የደረሰው ነገር ነው። አሠሪዬ የጽሕፈት ወረቀትና የደብተር ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ቀድሞ በካዛንቺስ ነበር። ሠፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲነሣ፥ እሳቸውም እንደ ሌሎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ኡራኤል ተዛወሩ፤ በዚያም ከታች ጽሕፈት ቤትና መጋዘን፥ ከላይ መኖሪያ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተከራዩ። ከቤቱ ዕቃ ጋር 80 ሊትር የሚይዘው የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያም ከቀድሞው ግድግዳ ተነቅሎ መጣ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላም በአዲሱ ቤት መታጠቢያ ክፍል ተሰቀለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና፥ ጥቂት ሳምንታት ሳይቈይ ከማሞቂያው ሥር ካለች ትንሽ የብረት አፍንጫ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር።

የቤቱ ዘበኛ በዕድሜ የገፉ፥ ለአሠሪያቸው ንብረት እጅግ የሚቈረቈሩ ሰው ናቸው። ነጠብጣቡን ባዩ ጊዜ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ትንሽ ውታፍ ጠርበው ቀዳዳዪቱን ወተፏት፤ በላዩም የካላማዳሪ ጥብጣብ አጥብቀው አሰሩበት። ውኃው ቆመ። የቤቱ ሰው ሁሉ አመሰገናቸው፤ እኔም አመሰገንኋቸው። ያመሰገንናቸው ለምን በስሕተት እንደ ነበረና ከዚያም የሆነውን ከዚህ በታች እናገራለሁ፤ አስቀድሞ ግን የዕቃውን አሠራር ማስረዳት ይገባል።

የማሞቂያው አሠራር

በተለምዶ ቦይለር የምንለው የቤት ውስጥ የውኃ ማሞቂያ፥ ውስጡ በኢናሜል የተቀባ የብረት በርሜል፥ በዙሪያው ሙቀት የሚይዝ ሽፋን፥ ከላዩም ነጭ ቆርቆሮ ያለው ዕቃ ነው። ቀዝቃዛው ውኃ በሥሩ በኩል በአንዱ ቧንቧ ይገባል፤ የሞቀው ውኃ ደግሞ ውስጡ እስከ በርሜሉ አናት በሚደርስ በሌላው ቧንቧ ይወጣል። ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋልና። በሥሩ ባለው ክብ ክዳን ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ውኃውን የሚያሞቀው ኤለመንት፥ ሙቀቱ በቃ ሲል ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ቴርሞስታት፥ እንዲሁም የማግኒዥየም ዘንግ ናቸው። ይህ ዘንግ የበርሜሉ ብረት እንዳይዝግ በብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ የሚያልቅ ነው።

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ደግሞ እንደ አውራ ጣት የምታህል፥ ትንሽ ማንሻና ትንሽ አፍንጫ ያላት የናስ ዕቃ ትገጠማለች። ይህች የደኅንነት ቫልቭ፥ በሠራተኞች አነጋገር ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ሥራዋም ሁለት ነው። አንደኛው፥ አንድ ጊዜ ወደ በርሜሉ የገባ ውኃ ወደ መስመሩ ተመልሶ እንዳይሄድ ትከለክላለች። ሁለተኛው፥ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከተወሰነለት በላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ ይኸውም በአብዛኛው 7 ወይም 8 ባር ሲደርስ፥ አፍንጫዋን ከፍታ ውኃውን ታስተነፍሳለች። የግፊቱ ልክ በራሷ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

አሁን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ15 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ከመቶው ሁለት እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 80 ሊትር ውኃ በሞቀ ጊዜ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ትርፍ ውኃ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። በርሜሉ ሙሉ ነው፤ ወደ መስመሩም መመለስ ተከልክሏል፤ እንግዲህ ያ ትርፍ ውኃ መውጫው በደኅንነት ቫልቭዋ አፍንጫ ብቻ ነው። ማሞቂያው በርቶ ሳለ ከዚያች አፍንጫ ጥቂት ጥቂት ውኃ ቢንጠባጠብ፥ ዕቃው ተበላሸ ማለት ሳይሆን ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ ስለ ማወቅ

ፍሳሽን ከመዝጋት በፊት ምንጩን ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃ ከላይ ጀምሮ በቆርቆሮው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታች ስለሚወርድ፥ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ካጠፉ በኋላ የማሞቂያውን ሥር በደረቅ ጨርቅ ፈጽሞ ማድረቅ፥ ከዚያም በየመጋጠሚያው ላይ ነጭ ለስላሳ ወረቀት እያስጠጉ መጀመሪያ የሚርሰው የትኛው እንደ ሆነ መመልከት ነው። ምንጩ ከሚከተሉት ከአራቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል።

1ኛ/ የቧንቧ መጋጠሚያ። ቀዝቃዛው በሚገባበት ወይም ሙቁ በሚወጣበት ክር ላይ ውኃ ቢታይ፥ ማሸጊያው ላልቷል ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው። መስመሩን ዘግቶ፥ ክሩን ፈትቶ፥ አሮጌውን ማሸጊያ ጠርጎ፥ አዲስ ማሸጊያ ጠምጥሞ መልሶ ማሠር ይበቃል። ውኃው ሳይዘጋ በመፍቻ ኃይል እያጠበቁ መሞከር ግን ክሩን ይሰብራል፤ ትንሹንም ፍሳሽ ትልቅ ያደርጋል።

2ኛ/ የደኅንነት ቫልቭ አፍንጫ። ማሞቂያው ሲሠራ ብቻ ጥቂት የሚንጠባጠብ፥ ሲቀዘቅዝም የሚቆም ከሆነ፥ ከላይ እንደ ተገለጸው ጤነኛ ነው። ማሞቂያው ጠፍቶ፥ ውኃው ቀዝቅዞ ሳለም ሌሊቱን ሙሉ የማያቋርጥ ከሆነ ግን ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ነው፤ ወይ በቫልቭዋ ውስጥ አሸዋ ወይም ዝገት ገብቶ እንዳትገጥም ከልክሏታል፤ ወይም የመስመሩ ግፊት ከልኩ በላይ ሆኗል።

3ኛ/ የሥሩ ክዳን። ውኃው ከሥረኛው የፕላስቲክ መክደኛ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ፥ ኤለመንቱ የተያዘበት የጎማ ማሸጊያ አርጅቷል ወይም ተጣምሟል ማለት ነው። ይህ ቦታ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የሚገቡበት ስለ ሆነ ውኃና ኤሌክትሪክ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ማሞቂያውን ለአንዲት ሰዓትም ቢሆን ማብራት አይገባም።

4ኛ/ በርሜሉ ራሱ። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ደርቀው ሳለ ውኃው ከቆርቆሮው ስፌት ወይም ከሽፋኑ ውስጥ የሚመጣ፥ የዝገትም ቀለም ያለው እንደ ሆነ፥ በርሜሉ ውስጡን ተበልቶ ተበስቷል ማለት ነው። ይህ አይጠገንም። በማጣበቂያም ሆነ በብየዳ ለመድፈን የሚወጣው ገንዘብ የከሰረ ገንዘብ ነው፤ ዕቃውን መለወጥ ብቻ ይቀራል።

ፍሳሽ ሲታይ ወዲያው የሚደረገው

ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው፤ ቅደም ተከተሉንም መለወጥ አይገባም።

በመጀመሪያ፥ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ነው። በመታጠቢያ ክፍሉ በር ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ መተማመን አይበቃም፤ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ማውረድ ያስፈልጋል። እጁ የራሰ፥ ወይም እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ማሞቂያውን መንካት የለበትም። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋለት ማሞቂያ በፈሰሰ ጊዜ ውኃው ራሱ ሰውን ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛ፥ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን የቀዝቃዛ ውኃ መዝጊያ መዝጋት ነው። ለብቻው መዝጊያ ያልተደረገለት እንደ ሆነ የቤቱን ዋና መዝጊያ መዝጋት ይገባል። ለብዙ ቤቶች የሚሰጠው ምክር፥ ከዛሬ ጀምሮ ይህ መዝጊያ የት እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ነው። ውኃ መጋዘን ውስጥ እየወረደ ሳለ መዝጊያ መፈለግ ጊዜን ይበላልና።

ሦስተኛ፥ ውኃው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ የዐዋቂን ሰው ገላ በአምስት ሴኮንድ ያህል ያቃጥላል፤ የሕፃንን ገላ ከዚያም ፈጥኖ።

አራተኛ፥ ሲቀዘቅዝ የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍቶ አየር እንዲገባ ማድረግ፥ ከዚያም የደኅንነት ቫልቭዋን ማንሻ አንሥቶ ውኃውን ወደ ባልዲ ማስወጣት ነው። የሙቁ ቧንቧ ካልተከፈተ አየር ስለማይገባ ውኃው አይወርድም። 80 ሊትር ውኃ ብቻውን 80 ኪሎ ስለሚመዝን፥ ሳያጐድሉ ማሞቂያውን ከግድግዳ ለማውረድ መሞከር ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥገናው የሙያተኛ ነው። የቤቱ ባለቤት ድርሻ ጉዳቱን ማቆምና ምንጩን ለይቶ ለሠራተኛው መንገር ነው። ምንጩን የማያውቅ ሰው ያልተበላሸውን ዕቃ ለማስለወጥ ገንዘብ ይከፍላል።

ስለማይወተፈው ቀዳዳ

አሁን ወደ ጀመርሁት ነገር እመለሳለሁ። ቀዳዳዪቱ ከተወተፈች በሦስተኛው ቀን ጧት ወደ ጽሕፈት ቤት ስገባ፥ የመጋዘኑ ኮርኒስ ቡናማ ሆኖ አየሁት። ከሥሩ የተደረደረው የጽሕፈት ወረቀት ርሷል፤ በኋላ ስንቈጥረው ዐሥራ ሰባት ደስጣ ሆነ። አሠሪዬ ለንግድ ጉዳይ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደው ነበር። ወደ ላይ ወጥቼ ብጠይቅ፥ የቤት ሠራተኛዋ «ከትናንት ጀምሮ ከሙቁ ቧንቧ ውኃው በእንፋሎት እየተፋ ነው የሚወጣው፤ ማሞቂያውም ውስጡ ያንኳኳል» አለችኝ። ወዲያው የቧንቧ ሠራተኛ አስጠራሁ።

ሠራተኛው ከመታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ውታፉን ገና እንዳየ ወደ ውስጥ አልገባም። «ከሁሉ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጥፉ፤ ከዚያ ከዚህ ፎቅ ሁላችሁም ውረዱ» አለ። ወርደን በግቢው ውስጥ ቆመን ሳለን ዘበኛውን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፥ ያቺን ቀዳዳ ማን ነው የወተፋት?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ውኃው አሳዘነኝ። በወረፋ የሚመጣ ውኃ አይደለም ወይ?»

«ልክ ነዎት፤ ውኃ ያሳዝናል። ግን ጋሼ፥ ያቺ ቀዳዳ የምታንጠባጥበው እኛ እንዳንሞት ብላ ነው።»

ዕቃው በራሱ እንዲቀዘቅዝ እስከ ማግሥቱ ድረስ ማንም እንዳይነካው አደረገ። በማግሥቱ ሲፈታው ነገሩ ተገለጸ። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ትቷል፤ ስለዚህ ማሞቂያው ሌትና ቀን ሲሞቅ ነበር። የሚሰፋው ውኃ መውጫ ስላጣ ግፊቱ በርሜሉን ከውስጥ ወጠረው፤ በመጨረሻም ከሁሉ ደካማ የሆነውን የሥሩን ክዳን ጎማ አጣሞ በዚያ በኩል መውጫ አበጀ። በኮርኒሱ በኩል በወረቀቱ ላይ የወረደውም ይኸው ነው። በአንድ በኩል የተወተፈ ውኃ በሌላ በኩል መውጫ ፈለገ ማለት ነው። ዐሥራ ሰባት ደስጣ ወረቀት በመበላሸቱ አዝነን ነበር፤ ሠራተኛው ግን «ይህ ጎማ ባይጣመም ኖሮ በርሜሉ ራሱ ነበር የሚሄደው» ባለን ጊዜ ሐዘናችን ወደ ምስጋና ተለወጠ።

ይህ አነጋገር ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም፤ ምክንያቱ በተፈጥሮ ሕግ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፥ በክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በከተማችን የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በተዘጋ በርሜል ውስጥ ግን ግፊቱ ስለሚይዘው፥ በ8 ባር ግፊት ሥር ያለ ውኃ ከ170 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። እንዲህ የጋለ ውኃ በርሜሉ በተቀደደ ጊዜ ድንገት ከግፊቱ ነፃ ይወጣል፤ ከዐሥር እጁ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ባንድ ዐይን ጥቅሻ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ከውኃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰውና ጣራ የሚያነሣው ይህ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሳይማሩት ያውቁታል። ጀበና በፈላ ጊዜ በአፉ ይገነፍላል እንጂ አይፈነዳም፤ በጡቱና በአፉ እንፋሎቱ መውጫ አለውና። የጀበናን መውጫ ሁሉ በጭቃ መርጎ እሳት ላይ የሚጥድ ሰው የለም። በ1879 ዓ.ም. ከተማችን በተቈረቈረች ጊዜ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ የሚታጠቡባት ፍልውኃም እስከ ዛሬ ድረስ ሰውን የምትጠቅመው፥ ምድር ያሞቀችው ውኃ መውጫው ክፍት ስለ ሆነ ነው። በግድግዳችን ላይ የሰቀልነው ማሞቂያ ግን ዙሪያውን የተዘጋ ነው፤ ያለችውም መውጫ ያቺ አንዲት አፍንጫ ናት።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማንም ሰው እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። የደኅንነት ቫልቭን አፍንጫ በእንጨት፥ በጨርቅ፥ በማጣበቂያ ወይም በክዳን መወተፍ ፈጽሞ አይገባም። በቫልቭዋና በማሞቂያው መካከል መዝጊያ መግጠም አይገባም። ነጠብጣቡ ወለል የሚያበላሽ እንደ ሆነ፥ ከአፍንጫዋ ላይ ስስ የላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ወደ ታች እያዘቀዘቀ ወደ ፍሳሽ መውረጃ መምራት ነው፤ የቱቦውም ጫፍ ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት። ውኃው የሚያሳዝን ከሆነ ባልዲ ከሥሩ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለወለል ማጠቢያም ይሆናል።

ባልዲው ደግሞ መመርመሪያም ነው። ማሞቂያው ጠፍቶና ውኃው ቀዝቅዞ ሳለ ባልዲውን አስቀምጦ በ24 ሰዓት የተጠራቀመውን መለካት ነው። በቀን 5 ሊትር ቢገኝ በዓመት 1,825 ሊትር ይባክናል ማለት ነው። ይህን ያህል የምታፈስስ ቫልቭ ትጸዳለች ወይም ትለወጣለች። አዲስ ቫልቭ የምትገዛበት ዋጋ ከማሞቂያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ውኃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ የሚደረግ ጥንቃቄ

አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣውን ውኃ ነው። ውኃው በብዙ ሠፈር በወረፋ ስለሚለቀቅ፥ ቤቶች በጣራቸው ላይ ሮቶ ሰቅለው ያጠራቅማሉ። ይህ ኑሮ ለማሞቂያችን ሦስት ልዩ ችግሮችን ያመጣበታል።

አንደኛው ደለል ነው። ባዶ የነበረ መስመር እንደገና ሲሞላ በውስጡ የተቀመጠውን ዝገትና አሸዋ ጠርጎ ያመጣል፤ ይህም በቫልቭዋ አፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጊዜ፥ ማሞቂያው ቀዝቅዞ ሳለ፥ ማንሻዋን ለጥቂት ሴኮንድ አንሥቶ ውኃው በኃይል እንዲያጥባት ማድረግ መልካም ነው። ብዙ ዓመት ሳትነካ የኖረች ቫልቭ ከተነካች በኋላ አልገጥም ብትል የደረቀች ስለ ሆነች ትለወጥ። በጠቅላላው የጉድጓድ ውኃ ከግድብ ውኃ ይልቅ ማዕድን ስለሚበዛው፥ ኤለመንቱ ላይ እንደ ኖራ ያለ ቅርፊት ፈጥኖ ይሠራበታል፤ የማንኳኳት ድምፅም አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ይህን በጊዜው ማስጠረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ባዶ በርሜል ነው። ውኃ ጠፍቶ በቆየ ጊዜ፥ የመመለሻ መከልከያዋ የተበላሸች እንደ ሆነ በርሜሉ ሊጐድል ይችላል። ውኃ የሌለበት ኤለመንት ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል። ስለዚህ ውኃ ሲጠፋ ማሞቂያውን ማጥፋት፤ ውኃ ሲመጣም አስቀድሞ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ፥ አየሩ ወጥቶ ውኃው ሳያቋርጥ መውረድ ሲጀምር ብቻ ማብራት ይገባል።

ሦስተኛው የግፊት መለዋወጥ ነው። ዐሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ አንድ ባር ያህል ግፊት አለው። ስለዚህ ከማሞቂያው በላይ 5 ሜትር ከተሰቀለ ሮቶ የሚወርድ ውኃ ግማሽ ባር ያህል ብቻ ሲሆን፥ በቀጥታ ከመስመር የሚመጣው ወይም በፓምፕ የሚገፋው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት የመስመሩ ግፊት ስለሚጨምር፥ ቀን የማታንጠባጥብ ቫልቭ ሌሊት ታንጠባጥባለች። መፍትሔው ግፊት መቀነሻ ማስገጠም ወይም ማሞቂያውን ከሮቶው ማጠጣት ነው።

ለገዢና ለሻጭ የሚገባ ማስታወሻ

ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይህን ዕቃ የሚያስመጡና የሚሸጡ፥ እንዲሁም በሆቴል፥ በእንግዳ ማረፊያና በጸጉር ቤት የሚገለገሉበት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ሥራ ከተማርሁት ጥቂት ልጨምር።

ገዢ የሆነ ሰው ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን በአንድ መዝገብ ይያዝ፤ የተገጠመበትን ቀንም ይጻፍበት። የማግኒዥየሙ ዘንግ በየዓመቱ ወይም ቢዘገይ በየሁለት ዓመቱ ተፈትቶ መታየት አለበት። ዘንጉ አልቆ ሳይለወጥ የቀረ እንደ ሆነ ተራው የበርሜሉ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ከላይ በ4ኛ ተራ የተጠቀሰው የማይጠገን ፍሳሽ ነው። ማሞቂያውን ከቤት ወደ ቤት የሚያዛውር ደግሞ የጎማ ማሸጊያዎቹንና የደኅንነት ቫልቭዋን በአዲስ ይለውጥ፤ ግድግዳው የብሎኬት ከሆነም የሞላውን በርሜል ክብደት የሚችል መያዣ ያስደርግ። እኛ በኡራኤል ዐሥራ ሰባት ደስጣ ወረቀት የከሰርነው ይህን ባለማድረጋችን ነው።

ሻጭ የሆነ ነጋዴ ደግሞ የደኅንነት ቫልቭዋን ከዕቃው ለይቶ አይሽጥ። ለገዢውም «ይህች አፍንጫ ስትሞቅ ታንጠባጥባለች፤ አትወትፉአት» ብሎ በአፉ ይንገረው፤ በአማርኛ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ቢያስይዘውም ይበልጥ ያማረ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፥ ገዢም የተረከበውን ዕቃ በጊዜው መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። በአንዲት ዐረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያ ሁለቱም ከክርክር ይድናሉ።

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰውም ፍሳሽ ባየ ጊዜ ለአከራዩ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ የጽሑፉንም ግልባጭ ያስቀምጥ። ከታች የሌላ ሰው መጋዘን ያለበት ቤት ከሆነ ይህ ወረቀት ካለው ቀን ይልቅ በሌለው ቀን ዋጋው ይታወቃል።

አሠሪዬ ከመንገዳቸው ሲመለሱ ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዘበኛውን አልተቈጧቸውም፤ ማንም ያልነገራቸውን ሊያውቁ አይችሉምና። አዲስ ቴርሞስታት፥ አዲስ ጎማና አዲስ ቫልቭ ተገጠመ፤ ወረቀቱም ከኮርኒሱ ሥር ተነሥቶ ከወለሉ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ዛሬ ከመታጠቢያ ክፍሉ በር ጎን አንድ ደብተር ተሰቅሏል፤ በየወሩ መጀመሪያ ማንሻዋ የተነሣችበት ቀንና በባልዲ የተለካው ውኃ ይመዘገብበታል። መዝጋቢው ዘበኛው ናቸው። ባለፈው ወር ስመለከተው «ጥቂት አንጠባጥባለች፤ ደኅና ናት» የሚል ጽፈው አገኘሁ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ከማሞቂያው ሥር ቀና ብሎ ይመልከት። አፍንጫዋ ተወትፋ ያገኛት እንደ ሆነ ውታፉን ለመንቀል አይቸኩል፤ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፋ፤ ዕቃው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቤተሰቡን ያርቅ፤ ከዚያም የቧንቧ ሠራተኛ ያስጠራ።